ኤሊዳ በኮምፒውተር የሠራችው ዓሣ

ኤሊዳ ቤታንኩር በሞንቴቪዴዮ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ሥራዋ በአንጎል ውስጥ ከሴል ወደ ሴል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ አስመስሎ የሚያሳይ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ስትጀምር ከእሷ ጋር አምስት ነበሩ። ሦስቱ አንድ በአንድ ባሕር ተሻገሩ፤ አለቃቸው ጡረታ ወጡ። እሷ ግን አልጋ የያዙትን እናቷን ለማን ትታ ትሂድ? ቀረች።

ከእነሱ የወረሰችው ፕሮግራም የተሠራው ለአንድ ፍጥረት ብቻ ነበር፦ በአገሯ ወንዞች ጭቃ ውስጥ ለሚኖረው፣ ከገላው በሚያወጣው ቀጭን ኤሌክትሪክ በጨለማ መንገዱን ለሚለየው ዓሣ። ሌላ ዓይነት ሴል ልጨምር ያለ ሰው ሁሉንም ማፍረስ ነበረበት፤ አንዱ ምሰሶ ሲነካ ጣሪያው አብሮ እንደሚወርድ ቤት። ኤሊዳ ከመሠረቱ ልትሠራው ቆርጣ ተነሣች። በአዲሱ ፕሮግራም የእያንዳንዱ ሴል ጠባይ ለብቻው ይጻፋል፤ ዋናው ፕሮግራም የተሰጠውን አንብቦ ያሰላል። ሰባት ዓመት ፈጀባት። በመካከሉ እናቷ ሞቱ። ሦስት ቀን ቀርታ ተመለሰች፤ የት ነበርሽ የሚላት አልነበረም። ፕሮግራሙን የሚጠቀሙ የሩቅ አገር ሰዎች አልፎ አልፎ ይጽፉላታል፤ ወንድ መስላቸው «አቶ ቤታንኩር» ይሏታል። እሷም ሳታርም ትመልስላቸዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይዋን ይዛ ከተማው ዳር ባለው ወንዝ አጠገብ ብቻዋን ትቀመጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ምድር ቤት ዓሣ የምታጠናው ዙልማ ወረቀት ልታትም ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣችና የኤሊዳ ኮምፒውተር ላይ የሚዘለውን መስመር አየች። ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«ዓሣ ነው» አለች ኤሊዳ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እውነተኛውን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አይታ አታውቅም። ዙልማ እጇን ይዛ አወረደቻት። ዓሣው የሚዋኝበት ገንዳ ውስጥ ሁለት ሽቦ ገብቷል፤ የዓሣው ኤሌክትሪክ በድምፅ ማጉያው ጠ... ጠ... ጠ... እያለ ይሰማል። ኤሊዳ ሃያ ሁለት ዓመት በቁጥር ብቻ የምታውቀውን ድምፅ ቆማ አዳመጠች። ዙልማ እጅሽን ውኃው ውስጥ ክተቺ አለቻት። ስትከት ድምፁ ተጣደፈ።

«ምን ነካው?»

«ሰው መጣበታ። አዲስ ነገር ሲቀርበው እንዲህ ነው።»

«የኔ እንዲህ አይልም።»

«ያንቺን ማን ቀርቦት ያውቃል?» ብላ ሳቀች ዙልማ።

ኤሊዳም ፈገግ አለች፤ ደረጃውን ስትወጣ ግን ነገሩ አብሯት ወጣ። እውነት ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ወደ ዓሣው የሚመጣ አንዳች ነገር ጽፋ አታውቅም። ያን ዕለት መጻፉን ጀመረች። በአሮጌው ፕሮግራም ዓመት የሚፈጀው ሥራ በአራት ቀን አለቀ፤ የዋናው ፕሮግራም አንዲት መስመር አልተነካችም። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዓሣዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣደፈ።

ዞር ብላ አራቱን ባዶ ጠረጴዛዎች አየች። ባርሴሎና ለሚኖረው ለቀድሞ ባልደረባዋ ለሩቤን ደውላ ነገረችው። ደስ እንዳለው ነገራት፤ ስብሰባ ላይ ስለሆነ መልሶ እንደሚደውልም። አልደወለም። ምድር ቤት ወረደች፤ ዙልማ ዓሣ ልትይዝ ሮቻ ወደሚባል ክፍለ ሀገር ሄዳ በሩ ተቆልፏል።

በሳምንቱ ዙልማ መጥታ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጣደፈውን ዓሣ እንደቆመች አየችው።

«ይኼስ ፈሪ ነው» አለች። «የኔው ቶሎ ይለምዳል። እስኪ ቀስ እያለ እንዲረጋጋ አድርጊው።»

ኤሊዳ ወንበር ሳበችላት። ዙልማ ግን ተማሪዎች ይጠብቁኛል ብላ ወረደች። ኤሊዳም መጥቶ የማይሄድን ነገር ዓሣው ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚለምድ መጻፍ ጀመረች።