የኳስ ተጫዋች ዋጋ በሰንበታ ግምት

የአዳማው የከብት ደላላ ሰንበታ የእግር ኳስ ጨዋታ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ይህ ግን አፉን አላስዘጋውም። ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያው ድረስ ሄዶ ከመንገደኛ የአዲስ አበባን ወሬ ይለቅምና፣ በዚያ የሚኖሩት አርመኖች የኳስ ቡድን ከግሪኮቹ ቡድን ማንን ሊያስኮበልል እንዳሰበ በአብዱልመናን ሱቅ ደጃፍ ሲተነትን ይውላል።

«ያ ኒኮላ የሚሉት ግሪክ ከስምንት በሬ በታች አይሸጥም» ይላል። «ጥርሱን ሳላይ ግን አልዋዋልም።»

አንድ ቀን ኒኮላ ራሱ ወደ ድሬዳዋ ሲያልፍ ባቡሩ አዳማ ላይ ቆመ። ወርዶ የያዘውን ኳስ ሲያንከባልል፣ ኳሱ አመለጠውና ሰንበታ እግር ሥር ደርሶ ቆመ። ኒኮላም እግሩን እያወዛወዘ፣ ምታው ሲል አመለከተው። የጣቢያው ሰው ሁሉ ዓይኑን ሰንበታ ላይ ተከለ።

ሰንበታ ጎንበስ ብሎ ኳሱን አነሣ፤ አቧራውን በነጠላው ጠረገና በሁለት እጁ ይዞ፣ እጅ ነሥቶ አስረከበው። ኒኮላ ከት ብሎ ሳቀ።

«ምነው በእግርህ ብትመታው?» አለው አብሮት ጣቢያ የመጣው ባለሱቁ አብዱልመናን፣ በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ።

«የሰው ዕቃ በእግር ይመለሳል እንዴ?»

በማግስቱ ሰንበታ የኒኮላን ዋጋ ወደ ሁለት በሬ አወረደው። ለምን ሲሉት፣ «ጥርሱስ ደህና ነው፤ አሳዳጊ በድሎታል» አለ።