ከደጅ የማያልፍ ስልክ

የኔታ ዘማርያም ስልክ ይጠላሉ እያለ አገሩ ያማቸዋል። ሐሜት ነው። ደብረ ኤልያስ ገጠር ውስጥ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት እኚህ ሰው፣ ተማሪዎቻቸው ማታ በሶላር መብራት ቢያነቡ ደስታቸው ነው፤ የወፍጮ ሞተር አገር የገባ ጊዜም መርቀው ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። ስልክ ግን ከተማሪዎቹ ጎጆ አጥር አያልፍም። «ወፍጮ ገብቶ ስልክ የሚከለከለው ምን ቢያጠፋ ነው?» እያሉ ለሚያሾፉባቸው መልስ አላቸው፦ «ወፍጮ ዱቄት ይሰጠኛል እንጂ ተማሪዬን አይወስድብኝም።» ደግሞ ብቻቸውን የደነገጉት አይደለም፤ ጉባኤው በሙሉ ተቀምጦ ተመካክሮ የተስማማበት ነው።

ደምበጫ በኩል የሚያስተምሩት የኔታ አለበል ግን ሌላ ናቸው። ሁለቱ ከአንድ መምህር እግር ሥር፣ በአንድ ጎጆ አድረው፣ በአንድ አኮፋዳ ለምነው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። አለበል ዘንድ ተማሪው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው ድጓ የሚያጠናው። ሲገናኙ በዚህ ነገር ሳይጎነታተሉ አይለያዩም። «አንተ ሳትመነኩስ ገዳም አቋቋምክ» ይላሉ አለበል። «አንተስ ማስተማሩን ትተህ የስልክ ሱቅ ብትከፍት ምናለ?» ይላሉ ዘማርያም። ተኳርፈው ግን አያውቁም።

አምና ክረምት የኔታ ዘማርያምን ጉሮሯቸውን ያዛቸው። ከሆሳዕና ጀምሮ አልፎ አልፎ ያስላቸው ነበር፤ ብርድ ነው ብለው ናቁት። ደብረ ማርቆስ ሄደው ቢታዩ፣ ድምፃቸው ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ ሐኪሙ ቁርጡን ነገራቸው። ለድጓ መምህር ይህን መንገር ለገበሬ በሬዎችህ ሊሞቱ ነው እንደ ማለት ነው። ከራሳቸው ይልቅ ያሳዘናቸው ግን ደመላሽ ነው። ይህ ተማሪያቸው ብዙ ዓመት ደክሞ፣ የቀረው አንድ ረጅም የሆሳዕና ዜማ ነበር። ያን ዜማ ከመምህራቸው የተቀበሉት ዘማርያም ብቻ ናቸው፤ አለበል ያን ሰሞን ታመው እናታቸው ቤት ነበሩ። ዘማርያም ሳያስተላልፉት ድምፃቸው ከጠፋ ዜማውም አብሮ መጥፋቱ ነው።

ደመላሽ ፈራ ተባ እያለ አንድ ጠዋት ተናገረ። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። አምና ለሆሳዕና አለበል ዘንድ ሄደው ያዜሙትን ተማሪዎቹ በስልክ ቀድተውታል አሉ። ሄጄ ብሰማውስ?»

«መጀመሪያ እኔ ልስማው» አሉ የኔታ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ በላይ ድምፅ አልነበራቸውም።

በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍረው ደምበጫ ወረዱ። አለበል ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው «በሉ፣ የየኔታን ሆሳዕና አሰሟቸው» አሉ። ልጆቹ ጀመሩ። አቤት ማማሩ! የኔታ ዘማርያም ዓይናቸው እንባ ሞላ። ዜማው ከፍ ከሚልበት ቦታ ሲደርስ ግን ተማሪው ሁሉ በአንድነት ቆመ። «እህ... እህም» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ቀጠለ። ቢያስደግሟቸው እዚያው ቦታ፣ እንደገና «እህም»።

«ምነዋ? ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጉንፋን ያዛቸው?» አሉ ዘማርያም።

አንዱ ተማሪ በትሕትና ስልኩን አቀረበላቸው። «እርስዎ እንዲህ ነው ያዜሙት፣ የኔታ።» የገዛ ድምፃቸው ነው፤ ከፍ ከሚልበት ላይ ያች የተናቀች ሳል አለች። አለበል አንገታቸውን ደፉ። «እኔማ የዜማው ሥርዓት መስሎኝ!»

የኔታ ዘማርያም ሳቁ። እየሳቁ አለቀሱ። «ዜማዬን ከነበሽታዬ ነው የወሰዳችሁት!»

«እንግዲያስ አርማቸዋ!» አሉ አለበል፣ ተቆጥተው ይሁን ተለማምጠው ባልለየ ድምፅ።

በምን ድምፅ ያርሙ? መቋሚያቸውን አነሱ። ልጆቹ ሊስሉ አፋቸውን ሲያዘጋጁ መሬቱን ይመታሉ፣ ትንፋሹ የሚሻገርበትን በእጃቸው ያሳያሉ፣ ያስደግማሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳሏ ጠፋች። ድምፁን ስልክ ይዞታል፤ «ተው፣ እዚህ ጋ አይደለም» የሚል ግን ሰው ነው። ይህ ሲገባቸው ከክረምት ወዲህ ያላዩት ደስታ ተሰማቸው።

ማታ ራት ሲበሉ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የአለበል ልጅ ምሥራቅ ነገሩን ሰምታ ፈገግ አለች። «የኔታ፣ አሜሪካን አገር አሚሽ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ሃይማኖታቸው እንደኛ አይደለም እንጂ ክርስቲያን ነን ይላሉ። በፈረስ ጋሪ ይሄዳሉ፣ የመብራት መስመር ቤታቸው አያስገቡም። ሜኖናይት የሚባሉት ዘመዶቻቸው ግን ብዙዎቹ መኪናም ይነዳሉ፣ ስልክም ይይዛሉ።»

«በዚህ ተጣልተው ነው የተለያዩት?»

«መነሻው እንኳ ሌላ ነው። ስለ ዕቃ ግን እያንዳንዱ ጉባኤ ‹ይህ ነገር ከመካከላችን ቢገባ ምን ያደርገናል?› ብሎ ይመካከራል። ከአሚሾቹም ስልኩን ከቤት ውጭ፣ በትንሽ ዳስ አኑረው በጋራ የሚጠቀሙ አሉ።»

«ከቤት ውጭ?» የኔታ ዘማርያም ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ተመልሰው ጉባኤውን ሰበሰቡ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ለየኔታ ብለን ሕጋችንን ልናፈርስ ነው ወይ ያለም ነበር። በመጨረሻ ዜማው የተቀዳበት አንድ ስልክ ከደጅ፣ ከዘበኛው ከቢተው ጎጆ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ደመላሽ እዚያ ይሰማል፤ ከዚያ ባዶ እጁን ገብቶ በየኔታ ፊት ያዜማል። ሲሳሳት መቋሚያው መሬቱን ይመታል። መቋሚያው ሲበዛ ደመላሽ እያለቀሰ ወጥቶ፣ እንደገና ሰምቶ ይመለሳል። እንዲህ ከረሙ።

ለሆሳዕና ጥቂት ሲቀረው ሹክሹክታውም ጠፋ። በዚያው ሰሞን ደመላሽ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ዘለቀው፤ መቋሚያው አንድ ጊዜም አልተነሣም። ጓደኞቹ እልል ሊሉ ሲዳዳቸው የኔታ እጃቸውን አነሱ። ወደ ደጁ አመለከቱ፤ አንዱን መዳፍ በሌላው ጠረግ አደረጉት። ሁሉም ገባው። ሥራው አልቋል፤ አሁን የተቀዳውን ድምፅ ከስልኩ አጥፋው ማለታቸው ነው።

ደመላሽ ተነሣና ከእግራቸው ሥር ተንበረከከ። መምህሩን እምቢ ብሎ አያውቅም።

«ይፍቱኝ የኔታ፣ ይህንስ አልታዘዝዎትም። ዜማውንማ ይዤዋለሁ። እርስዎን ሌላ የት እሰማዎታለሁ?»

የኔታ ዘማርያም አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። መቋሚያቸውን አስቀምጠው የተማሪያቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ወደ ደጁም ዳግም አላመለከቱም።