የሞተሬ አዲስ መቀመጫ፦ ከጎብዬ እስከ ዋጃ

ሐሙስ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከቆቦ ወደ ጎብዬ የወጣሁት ሌዘር ፍለጋ ነው። ሥራዬ የከብት ሕክምና ስለሆነ ሞተሬ ያልረገጠው ቀበሌ የለም። ሞተሩ ገና ጎረምሳ ነው፤ መቀመጫው ግን አልቋል። ሽፋኑ ተተርትሮ፣ ስፖንጁ ተቆራርሶ፣ ከሥር ያለው ፕላስቲክ የተቀመጠበትን ይወጋል። ባለፈው ዒድ ባለቤቴን ሰዓዳን ወላጆቿ ዘንድ ዋጃ አድርሻት ነበር። ቀሚሷ ተቀዶ፣ ወገቧን ይዛ ወረደችና «ሁለተኛ እዚህ ላይ አልወጣም!» አለች። ወንድሟ እንድሪስ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «አማቻችን ሚስቱን በመጋዝ ላይ ጭኖ መጣ» ብሎ ሳቀብኝ።

እሁድ የታናሽ እህቷ ሰርግ ነው። እንድሪስ በሚኒባሱ ሊወስዳት ቀድሞ ደውሏል። ሚስቴ በሰው መኪና፣ እኔ ብቻዬን በሞተር ሰርግ ቤት ልገባ? እንዲህ ከሚሆንስ ሞቼ ልገኝ!

ቆቦ ያሉት ሱቆች ሌዘር አልቆባቸው ነበርና ሮቢትን አልፌ ጎብዬ ገባሁ። ሮቢት ላይ ለሻይ ብቆም አንድ ገበሬ «ዶክተር፣ ሳትቀመጥ ነው እንዴ የምትነዳ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግማሹን መንገድ ቆሜ ነው የነዳሁት።

ጎብዬ ገበያ ዳር እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ባለሱቅ ጥቅል ሌዘር ዘርግተው አገኘኋቸው። ጥቁሩን ሳነሳ እጄን መታ አደረጉኝ።

«ጥቁር አትውሰድ ልጄ። እዚህ ፀሐይ ላይ አቁመኸው ስትመለስ ቂጣ ይጋግራል። ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ ነው እትዬ፤ አልወጣም ብላኛለች።»

«ታዲያ እሷን ጠይቃት እንጂ!»

ደወልኩ። ሰዓዳ «ለማልወጣበት መቀመጫ ምን አገባኝ!» አለች። ስልኩን ግን ሳትዘጋው «ምን ምን ቀለም አለ?» ብላ ጠየቀች። ቡናማውን መረጠች። እትዬ ዘሀራ ከዋጋው ትንሽ ቀነሱልኝና «አብሽር፣ ትወጣለች» ብለው ሸኙኝ።

ዓርብ፣ ቤት ውስጥ

የቆቦ ሰው ከባድ ሥራ ካለበት ጎህ ሲቀድ ነው የሚጀምረው፤ ረፋድ ላይ ሙቀቱ ያሸንፈዋላ። እኔም እንደ አገሬ ሰው በማለዳ ተነሣሁ። መቀመጫውን ፈታሁ፣ የሞተውን ስፖንጅ ፋቅኩ፣ ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጥኩትን አዲስ ስፖንጅ በማስቲሽ ለጠፍኩ፣ ጠርዙን በቢላዋ አለሰለስኩ። ሌዘሩን አልብሼ፣ ከሶፋ ሠሪ ጎረቤቴ በተዋስኩት ስቴፕለር ዙሪያውን መታሁት። ኧረ ማማሩ! ግቢው በር ላይ አቁሜ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ተውኩት።

ከጁምዓ ስመለስ መቀመጫው እንደ ሽማግሌ አንገት ተሸብሽቧል። በብርድ የተወጠረው ሌዘር ፀሐይ ሲመታው ላላ። ጎረቤቶቼ ዙሪያውን ቆመው ከንፈር ይመጥጣሉ። ተናደድኩ፣ አፈርኩም። ሰርጉ ከነገ ወዲያ ነው፤ ሌላ ሌዘር የለኝም።

ሰዓዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችውና «ሲሞቅ የሚለጠጥ ከሆነ ሲሞቅ ለጥጠው እንጂ! ማን ጠዋት ሥራ አለህ?» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ውሻ እንኳ ጥላ በሚፈልግበት እኩለ ቀን፣ ሁለታችን ግቢው መሀል ወጣን። የቆቦ ሰው በዚያ ሰዓት ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤቱ ሁሉ አበዱ ብሎ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። የመታሁትን ሽቦ ሁሉ ነቅዬ ሌዘሩን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ እንደ ሊጥ ለሰለሰ። ሰዓዳ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ሆነን ያዝን።

«ሳቢ!»

«ስቤያለሁ እኮ! አንተ ሳብ!»

ላባችን እየተንጠባጠበ፣ እሷ እግሯን ከመቀመጫው ሥር አስደግፋ ትስባለች፣ እኔ እመታለሁ። ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ እጥፋቱን በጣቷ እየደፈጠጠች «እዚህ ጋ! አሁን!» ትለኛለች። ሲመሽ በረደና ሌዘሩ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በማግሥቱ ረፋድ ፀሐይ ላይ አወጣነው፤ አንድ ሽብሽብ የለም። ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ!

ወደ ዋጃ

እሁድ ሰዓዳ የሰርግ ልብሷን ለብሳ ወጣች። ለእንድሪስ ትደውላለች ብዬ ስልኳን አያለሁ። እሷ ግን ሄልሜቷን አጠለቀችና ከኋላዬ ወጣች። እኔም ዕድሌን እንዳላበላሽ ፈጥኜ ሞተሩን አስነሳሁ።

ከቆቦ ወጥተን ወደ ሰሜን ስንነዳ ማሽላው በግራም በቀኝም ዘለግ ብሎ ቆሟል፤ የዞብል ተራራ በስተቀኝ ይከተለናል። የመንገዱ ጉድጓድ አንዱም አልቀረልንም። መሀል መንገድ ላይ «ወገብሽስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አፍህን ዝጋና ንዳ፣ አቧራ ትበላለህ» አለችኝ። ድምጿ ግን ይስቃል።

ዋጃ ስንደርስ አማቴ ሐጂ መሐመድ ከዳሱ ወጥተው መቀመጫውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ማሻአላህ! እንዲህ ያለውን የት ነው የሚሠሩት?» አሉ። እንድሪስም ዞሮ ዞሮ አየውና «ቀለሙ ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ።

በልተን፣ ጠጥተን፣ ሙሽራዋን ሸኝተን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንድሪስ የሚኒባሱን በር ከፈተ። «ሰዓዳ፣ ነይ ግቢ፤ ቆቦ አደርስሻለሁ፤ በሞተር አትንገላቺ» አለ። ሰርገኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

«አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ» አለች ሰዓዳ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ። «እኔ ግን በገዛ እጄ የለጠጥኩት መቀመጫ አለኝ። ያንተ መኪና ወንበሩ ተቀዷል፤ እሁድ እሁድ ከመጣህ እኔና ባሌ እንሠራልሃለን።»

ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሐጂ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔስ? እኔማ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብዬ ነበር!

ሳይጨልም ቆቦ ገባን። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ቢኖር፣ ሰው ሁሉ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ሥራ እንዳለና ሌላኛውን ጫፍ የሚስብ ሰው እንደሚያስፈልገው ነው። ይህን ጥበብ ለሰዓዳ ልነግራት ሞተሩን አጠፋሁ። እሷ ግን ቁልፉን ከእጄ ወሰደችና «ነገ መንዳት ታስተምረኛለህ» ብላኝ ወደ ቤት ገባች።