ወለተ ማርያም ያልናት የፈረንጅ ልጅ

ባለፈው እሁድ እናቴን ይዤ እዚህ አሜሪካ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ወዳደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ስገባ አዲስ የቀለም ሽታ ተቀበለኝ፤ ቀና ስል በሴቶች በኩል የነበረው ባለቀለም የመስታወት መስኮት የለም፤ ቦታው በነጭ ግድግዳ ተደፍኖ፣ ስክሪን ሊሰቀልበት ሽቦ ተንጠልጥሏል። ደሜ ፈላ!

ሕንጻው የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከእነሱ ስንገዛው እኔ ልጅ ነበርኩ። መስኮቱ ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካዊ ወላጆች ለሞተች ልጃቸው መታሰቢያ ያሠሩት ነው፤ ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ አበባ ያቀፈች ሕፃን፣ ከእግሯ ሥር «ክላራ፣ የአምስት ዓመት ልጃችን» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት። ፀሐይ ስትወጣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ምንጣፉ ላይ ይፈስና እኛ ልጆች ጫማችንን አውልቀን ቀዩ ላይ ለመቆም በክርን ስንጓሸም፣ ቄሱ ከቅዳሴው መሃል ይገላምጡን ነበር።

እናቴ ጽሑፉን ካነበብኩላት ቀን ጀምሮ ከዚያ መስኮት ሥር ንቅንቅ አላለችም። ታላቅ እህቴ መቅደስ በአምስት ዓመቷ ሞታ ጎንደር ተቀብራለች፤ ዲቪ ሲደርሰን እናቴ መቃብሯን ትታ መጣች፣ ተመልሳም አላየችውም። «የዚች እናት ግን ሞታለች፤ ማን ያስባታል?» ብላ ለሁለቱም ጧፍ ማብራት ጀመረች። ለጸሎት ስማቸውን ስትሰጥ ቄሱ «ክላራ? ክርስትና ስሟስ ማን ነው?» ቢሏት፣ «አባ፣ እኔ ወለተ ማርያም ብያታለሁ» አለቻቸው፤ ሳቅ ብለው ጻፉት።

እንግዲህ ይህንን መስኮት ነው የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ነቅሎ ለአንቲክ፣ ለጥንት ዕቃ ነጋዴ የሰጠው። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ያኔ ቀዩን ብርሃን ከእኔ ጋር ሲሻማ ያደገው ልጅ፣ «ሪሞዴል አድርገን አደስነው እኮ! የፈረንጅ ሙት ምን ያደርግልናል?» አይለኝም? አንተስ ምን አደረግህልን! ማንን ጠየቅህ? ከእነዚህ እናቶች አንዷን እንኳ ጠይቀሃል?

ይህን እያልኩት እናቴ ከኋላዬ ደረሰች። ዓይኗ ደክሟል፤ እንደ ልማዷ ልትሳለም መስኮቱ ወደነበረበት ግድግዳ እጇን ዘረጋች። «እማማ፣ አይንኩት፣ ቀለሙ አልደረቀም!» ብሎ ሰብሳቢው ጮኸ። መዳፏ ነጭ ቀለም ሆኖ ወደ እኔ ዞረች።

«ሁለቱን ልጆች የት ወሰዷቸው?» አለችኝ።

አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ እናቴ ስለ መቅደስ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። እሁድ ግን ምንም ብርሃን በሌለበት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ልክ ዛሬ የመቅደስን መርዶ እንደተረዳች ሁሉ አለቀሰች።