በጽዋው ፊት የነገርኩት

የማርያም ማኅበራችን አሥራ ሁለት አባላት አሉት። በየወሩ ሃያ አንድ ቀን ተረኛው ቤት ተሰብስበን ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፤ ስንበተን ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሻገራል። ከመሻገሩ በፊት የንስሐ አባታችን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ «የተቀያየመ አለ?» የተቀያየመ ካለ እዚያው ይታረቃል። ተቀያይሞ ጽዋ መቀበል ነውር ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰማሁት ጠብ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ስለ አጥር።

ከአሥራ ሁለታችን አንዱ የምክር ቤት አባል ነው። ድሮ እዚሁ ሰቆጣ አብረን አስተምረናል፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ባዮሎጂ። ሲመረጥ እልል ካሉት አንዷ ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት ጥቂት መምህራን ስለ ውኃ ችግር ሰላማዊ ሰልፍ ልንወጣ አሰብን። ሕጉ ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ ይላል፤ አሳወቅን። ጽሑፍሽ ያምራል ብለው አሞኝተውኝ ደብዳቤውን ጽፌ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ቤተ ሙከራ ድረስ መጡ። ማይክሮስኮፕ እየጠረግሁ ነበር። አንደኛው የተማሪ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ «እናትሽ በሽተኛ ናቸው አሉ። ከዚህ ርቀሽ ዝቋላ ወረዳ ብትመደቢ ማን ያስታምማቸዋል?» አለኝ። ያዘነልኝ ይመስል ነበር። ሰልፉ ቀረ።

ይህንን በወሩ ማኅበር ለምክር ቤት አባሉ ነገርኩት። ጥግ ይዘን፣ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ፣ ጽዋው ፊታችን እንዳለ። እዚያ የተነገረ ነገር ከንስሐ አይለይም ብዬ አምን ነበር።

«ይኼማ ዝም አይባልም፤ ምክር ቤት አነሣዋለሁ» አለኝ።

«አንሣው፤ ስሜን ግን እንዳትጠራ።»

«ማርያምን!» አለ።

ቃሉን ጠበቀ፤ ስሜን አልጠራም። ንግግሩን በስልክ ልከውልኝ ከእናቴ ጋር ሰማነው። ዜጎች ሰልፍ የመውጣት መብት አላቸው አለ፤ ማስፈራራት ይቁም አለ። እናቴ መረቀችው። ቀጠለና፣ «ለምሳሌ አንዲት የባዮሎጂ መምህርት፣ በሽተኛ እናቷን የምታስታምም፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማይክሮስኮፕ እየጠረገች ሳለ...» አለ። እናቴ ምርቃቷን አቋርጣ አየችኝ። ሳይናገር የቀረው የቀሚሴን ቀለም ብቻ ነበር።

ይህንንም ይቅር እለው ነበር፤ ሰው ሲናገር ያመልጠዋል። ያቆሰለኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባ ማስረጃ አምጣ ተባለ። ቢደውልልኝ እየፈራሁም ቢሆን ሄጄ እመሰክር ነበር፤ ከታወቅሁ ወዲያ ምን እደብቃለሁ? አልደወለም። ተነሣና፣ «የደረሰኝ መረጃ የተሳሳተ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ብሎ ተቀመጠ። በሳምንቱ የዝቋላ ምደባዬ መጣ። ምክንያቱ «የሐሰት ወሬ በማሰራጨት» ይላል። ውሸታም የተባልኩት በእሱ ምስክርነት ነው። በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ እንኳ ይህን ያህል አልጠላሁትም፤ እሱ ከእኔ ጋር ጽዋ አልጠጣም።

የዚያ ወር የማኅበሩ ተረኛ እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ ጽዋውን የሚረከበው ደግሞ እሱ። ይቀራል ብዬ ነበር፤ መጣ። የእናቴን ጉልበት ስሞ «እንዴት ነዎት?» አላት፤ ፊቷን አዞረችበት። ዳቦዬን አሞገሰ። ሌሎቹ ሁሉን ያውቃሉ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ዝናብ ነበር።

አባ ተነሥተው ጠየቁ፤ «የተቀያየመ አለ?»

«ኧረ የለም አባ፣ ሰላም ነን» አለ፣ ማንም ሳይቀድመው። ለእኔም ጨምሮ መለሰልኝ። ሌሎቹ አቀረቀሩ።

«እኔ አለኝ፣ አባ» አልኩ።

ተነሣሁ። ስሜን እንዳይጠራ የለመንኩት እኔው፣ ስሜን ከነአባቴ ጠራሁ። ቤተ ሙከራ የመጡት ሰዎች ምን እንዳሉኝ፣ እኔም ለማን እንደነገርኩ፣ አንድ በአንድ ተናገርኩ።

አባ ወደ እሱ ዞሩ። «ልጄ፣ እውነቷን ነው?»

ጽዋውን አየና፣ «እውነቷን ነው» አለ።

«እንግዲያ የተሳሳተ ነው ባልክበት ቦታ ቆመህ እውነት ነው በል። ከዚያ መጥተህ ጽዋህን ትወስዳለህ።»

«እዚያ አልችልም፣ አባ። ልጆች አሉኝ» አለ።

እኔም እናት አለችኝ። ይህንን ግን አላልኩትም፤ ያውቀዋል። ጫማውን አድርጎ ሄደ። ጽዋው እኛው ቤት ሳጥን ላይ ተሸፍኖ ቀረ።

አሁን ዝቋላ ነኝ። እናቴን ጎረቤት ነው የሚያስታምማት። በወር በወሩ ሃያ አንድ ቀን ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ እደውልላታለሁ። ገና ጤናዋን ሳልጠይቃት፣ «ጽዋውን ሊወስድ አልመጣም» ትለኛለች።