የጎረቤቶቻችን ምሰሶ

የአያቴን ዱላ ይዤ ከጠዋት ጀምሮ መንደሩን እዞራለሁ፤ መቀመጥ አቃተኝ።

ጣሊያን የመጣ ጊዜ የዚህ የሽንፋ መንደር ጎረቤቶቻችን ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳን ሲሰደዱ አያቴ አልሄድም ብለው ከእኔ ጋር ቀሩ። በየማለዳው ባዶ የቀሩትን የሣር ቤቶች እየዞሩ ምሰሶውን ሁሉ በዚህ ዱላ ያንኳኩ ነበር። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ምስጥ ገብቶበታል፤ የምስጡን አፈር ፍቀው ከሥሩ አመድ ይሞሉበታል። አመዱ የሚዛቀው ከእኔ ምድጃ ነው።

አንድ ክረምት የራሳችን ጣሪያ ሲያፈስ ብስጭት አልሁ።

«አባባ፣ ባለቤቶቹ ጥለውት ለሄዱት ቤት እርስዎ ምን አገባዎ?»

«ሲመለሱ ምን እላቸዋለሁ?» አሉኝ። በጠየቅኋቸው ቁጥር መልሳቸው ይኸው ነበር።

ባለፈው መስከረም ንዳድ ያዛቸውና በሦስተኛው ቀን አረፉ። መርዶውን ድንበር አሻግሮ የሚነግርልኝ ሰው አላገኘሁም።

ጣሊያን ለቀቀና ትናንት ጎረቤቶቻችን ከነልጆቻቸው ገቡ። አንድም ቤት አልወደቀም። ሁሉም የየቤታቸውን ምሰሶ ዳበሱ፤ ከዚያ እየሣቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«አባባስ የታሉ?»

አባባ፣ ይኸው ተመለሱ። ምን ልበላቸው?