ለቤት መኪናችን ስኩተር ስንመርጥ፦ ከአምቦ ጉደር፣ ከጉደር ወንጪ

ቅዳሜ ንጋት፣ አምቦ

ጎህ ሳይቀድ ተነስተናል። አባዬ ሞተር እያሞቀ ነው፣ እኔ የፊት መስታወቱን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ገና አልገባችም። መኪናችን አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶብስ ናት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከአምቦ አዲስ አበባ ሰው ሲያመላልስባት ኖሮ፣ መንዳት ሲሰለቸው ወንበሮቿን ነቅሎ ቤት አደረጋት። ሁለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ በርሜል፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር አላት። ሰፈሩ በአባዬ ስም «የኦቦ ደበላ ቪላ» እያለ ይስቅብናል። ይሳቅ።

ችግራችን ሌላ ነው። እማዬ አንድም ቦታ አብራን ሄዳ አታውቅም። እሷ ማየት የምትፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወንጪ፣ ከገደሉ ወገብ ላይ የምትኖረውን ታላቅ እህቷን፣ አክስቴን ወርቄን። አክስቴ ዳገቱን መውጣት አቅቷታል፣ የእማዬ ዳሌ ደግሞ ቁልቁለቱን መውረድ አይችልም። ፈረስ ላይ እግር ከፍቶ መቀመጥማ አይታሰብም። ቅጥቅጧ ያንን ጠባብ መንገድ አትገባም።

«ድምጿን በስልክ እሰማለሁ እንጂ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው» ትላለች እማዬ። «ከላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ዘበኛ ልሆን ነው?»

እሷ ካልሄደች ደግሞ አባዬ አይሄድም። ባለፈው ሳምንት ቅጥቅጧን የሚገዛ ሰው እንዳለ ሲያወራ ሰማሁት። መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፦ ትንሽ ስኩተር ከኋላ ጭነን እንሂድ፣ መኪናዋ የምትቆምበት ስንደርስ እናውርዳት። አባዬ ወዲያው ብየዳ ቤት ሄዶ ከኋላ የብረት መጫኛ አሠራ። ዛሬ የምንሄደው ስኩተሯን ልንመርጥ ነው። እማዬ የገባችው «ለጉደር ሽንኩርት ብዬ ነው» ብላ ነው።

ረፋዱ ላይ፣ ጉደር

መንገዱ አጭር ነው፤ አባዬ ግን እያንዳንዷን ጉድጓድ እንደ ድሮ ጓደኛ ሰላም እያለ ያልፋል። ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ፣ የአህያ ጋሪ፣ ባጃጅ። ጉደር ላይ ስኩተሩን የሚሸጠው ዝውውር የደረሰው መምህር ነው። «አካም ቡልተን ኦቦ ደበላ፣ ኮታ፣ ግቡ» ብሎ፣ እንዴት አደራችሁ እያለ፣ ተቀበለን።

ስኩተሩን ሳየው ቅር አለኝ። አሮጌ፣ ቤንዚን ጠጪ፣ ቀለሙ የተላጠ አረንጓዴ። ወንበሩ እንደ ፍራሽ ሰፊ ነው። በግራ ጎኑ ደግሞ ሰውዬው ብረት አስበይዶበታል፤ ሰፌድ የሚያስቀምጡበት ይመስላል። ይሄ ሞተር ነው ወይስ ቁም ሳጥን ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ ሳቀ፣ ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

አባዬ በገመድ ለካው። ለመጫኛችን ይረዝማል፣ ይከብዳልም። ፍሬኑን ነካ፣ ጎማውን በእግሩ መታ፣ አመስግኖ ወጣ። እማዬ ሽንኩርቷን ታቅፋ ትንሽ ዘገየች። እጇን ወንበሩ ላይ አሳርፋ ከመምህሩ ሚስት ጋር በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራ ነበር። ቶሎ ነይ እያልኩ ጠራኋት።

እኩለ ቀን፣ እንደገና አምቦ

እዚህ ሱቅ ውስጥ ቀይ የኤሌክትሪክ ስኩተር አለ። ልናገረው አልችልም። ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት፣ የቤንዚን ሰልፍ የላት፤ ሶላራችን ላይ እንሰካታለን። አደባባዩን ዞርኩባት፣ ሁለት ባጃጅ ቀደምኩ፣ አንዱ ሾፌር ሰደበኝ። አባዬ በገመዱ ለካት፦ ልክ መጫኛው ላይ ትቀመጣለች፣ እንደ ታዘዘች። ባለሱቁ ዋጋ ጠራ፣ አባዬ ተከራከረ፣ ባለሱቁ ቀነሰ። አባዬ ለመጨባበጥ እጁን ሲዘረጋ እኔ ከደስታዬ ብዛት እማዬን ነይ እስቲ ሞክሪያት አልኳት።

እማዬ የምትቀመጠው እንደ እዚህ አገር እናቶች ሁሉ በጎን ነው፤ ቀሚሷም ዳሌዋም ሌላ አይፈቅድላትም። ወንበሯ ጠባብና ወደ ፊት የተዳፋ ነው። እግሮቿ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ስነሳ ተንሸራተተች፣ አንገቴን አንቃ ያዘችኝ። አንድ ስልክ እንጨት ያህል እንኳ ሳንርቅ «አውርጂኝ» አለች።

ወረደች፣ ሻሿን አስተካከለች። «ቆንጆ ነች። እናንተ ሂዱባት።»

አባዬ እጁን ሰበሰበ።

«ምን ጎደላት?» አላት።

«አባ ጫልቱ፣ ዕድሜህን ሙሉ ተሳፋሪ ስትጭን ኖረህ፣ ለብረቱ የሚሆነውን ለካህ፣ ለጎማው የሚሆነውን ለካህ። እኔን እግርሽን የት ታሳርፊያለሽ ብለህ አልጠየቅኸኝም።»

ሁልጊዜም በእኔ ስም ነው የምትጠራው። በቁጣ አይደለም ያለችው። ቢሆን ይሻለን ነበር። አባዬ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ ባለሱቁን ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ቀይዋን ዞሬ ዞሬ አየኋት። ከዚያ እኔም ወደ ጉደር ለመመለስ ቅጥቅጧ ውስጥ ገባሁ።

ከሰዓት፣ ጉደር ለሁለተኛ ጊዜ

መምህሩ አልገረመውም። ለካ ያ የሰፌድ ማስቀመጫ መስሎ የታየኝ ብረት የእግር መርገጫ ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሆና ጤና ጣቢያ ሲያመላልሳት በእሷ እግር ልክ አስበይዶት ነው። ሚስቱ ለእማዬ ጠዋቱን ነግራት ኖሯል፤ እኛ ነን ያልሰማነው።

አሁን አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። እማዬን አስቀመጣት፣ ተንበረከከ፣ ጫማዋን በእጁ ይዞ መርገጫው ላይ አሳረፈ። ከፍ ይበል? ዝቅ ይበል? ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ በዚያኛው ጎን ነው፣ አያቃጥልሽም። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ሲያናግራት አይቼ አላውቅም። ፊቴን አዞርኩ።

«እዚህ ጋ» አለች፣ ወንበሩን መታ መታ እያደረገች። «እዚህ ጋ ተመችቶኛል።»

ገዛነው። መጫኛው ግን አይችለውም። የሰፈሩ ሰው ተጠርቶ፣ መሪውን አጥፈን፣ በጎን በር ገፍተን አስገባነው። የሚበቃው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የእኔ አልጋ። ተነቅሎ ጣሪያ ላይ ወጣ። አልጋዬን ሞተር ወረሰው ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ወንጪ

ሌሊቱን የቅጥቅጧ ወለል ላይ፣ ከቤንዚን ሽታ ጋር ተኛሁ። ወገቤን አሞኛል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከአፋፉ ሲታይ ሐይቁ ጉም ለብሷል፣ የፈረስ ባለቤቶች ከበውናል፣ ስኩተሩን ከቤት ውስጥ ስናወጣ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ግን ማውረዱን አገዙን።

እማዬ ሄልሜቱን በሻሿ ላይ ደፋች፣ ተቀመጠች፣ እግሯን አሳረፈች። አባዬ ቁልቁለቱን እንቁላል እንደጫነ ሰው ወረደው። እኔ ከኋላ በእግሬ ነበርኩ፤ ለመቅደም ብዙም አልተቸገርኩም።

አክስቴ ወርቄ የሞተር ድምፅ ሰምታ ዶሮዎቿን ልትጠብቅ ዱላ ይዛ ወጣች። ሄልሜት የደፋችውን ሴትዮ ትክ ብላ አየች። እማዬ ሄልሜቱን አወለቀች።

«ዱፍቴ?» አለች አክስቴ። መጣሽ ወይ ማለቷ ነው። ዱላዋ ወደቀ።

የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። እማዬ ገና ከወንበሩ ሳትወርድ ነው የእህቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ማየት የጀመረችው፣ እንደ ፎቶ። አባዬ ስኩተሩ እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ደግፎ ይዞ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ አልጋ ያላትን መኪና አሳዩኝ አለች። ካረጀች ወዲህ አፋፉን አልረገጠችም። አባዬ ስኩተሩን አስነሳ። እማዬ ልትረዳት ብድግ አለች፤ አላስፈለጋትም። አክስቴ በጎን ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ማንም ሳያሳያት ሁለቱንም እግሮቿን መርገጫው ላይ አሳረፈች።